ቢጫው ባልዲ

ጅቡቲ፣ ኦክቶበር 17

የኢክላስን ሥራ ፈትያ ይዛለች።

አሰላሙ ዓለይኩም እህቴ ጀዋሪያ። አሁን ማን እንደሚነክር ጠይቀሽኝ ስለነበር መጀመሪያ እሱን መለስኩ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ባልዲው አጠገብ የምትቆመው ልጄ ናት። ሌላ ሰው አልፈለግሁም።

ጆሮሽ እንዴት ነው? ሐኪሙ የሰጠሽን መሣሪያ መሳቢያ ውስጥ እንደቆለፍሽበት ሱፊያን ነገረኝ። ስልክ ላይ አንዱን ነገር ሦስቴ እየጮህኩ ከምነግርሽ በወረቀት ይሻላል ያልሽው ልክ ነው። ሱፊያን በመጣ ቁጥር ዕቃውንም ወረቀቱንም ይዞልሽ ይመጣል። መኪናውን እስኪጭን ጊዜ አለኝ።

ለቅሶ ስላልደረስሽ ይቅርታ አትጠይቂኝ። በዚያ ጉልበትሽ፣ በዚያ የነሐሴ ሙቀት፣ የደወሌን ድንበር ተሻግረሽ መምጣት አልነበረብሽም። ሰው አልጎደለም። ስኳሩ ኩላሊቷን ጨርሶታል አሉ። ሌላ ያሉት የለም።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ሳጥኑ ውስጥ ከላይ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሦስት የበር ማጠፊያዎች ታገኛለሽ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ብረት ናቸው፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ገንዳ ዚንክ ለብሰዋል። የሚለያዩት ከዚያ በኋላ በተነከሩበት ነው። ዚንክ ብቻውን አይቆይም፤ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ስለዚህ ከገንዳው እንደወጣ ክሮሜት የሚባል ኬሚካል ውስጥ ይነከራል። ቀለሙንም ዕድሜውንም የሚሰጠው ክሮሜቱ ነው።

ብር የሚመስለውና ጠርዙ ላይ ትንሽ ሰማያዊ የሚጥለው፣ ሰማያዊ የምንለው ነው። ገር ነው፤ እጅሽ ላይ ቢፈስ ታጠቢዋለሽ። ጨው ግን አይችልም። ጥቁሩ ለዓይን ያምራል፤ ዘይት ካልተቀባ ከሰማያዊው ብዙም አይሻልም። ወርቅ የሚመስለው ቢጫው ነው። ጨው ይችላል፣ ባሕር ይችላል። መርዝ ነው። የቢጫውን ዱቄት የሚሸጥልኝ የመናዊ ቆርቆሮውን ሲከፍት ፊቱን ያዞራል።

ቢጫው ዓይን ይፈልጋል። ቶሎ ካወጣሽው ገርጥቶ ይቀራል፤ ከዘገየሽ ቡናማ ይሆንና በጣት ሲነኩት ይለቃል። እኔ መካከሉ አይታየኝም፤ ድሮም አይታየኝም ነበር። ለኢክላስ ይታያት ነበር። ለፈትያም ይታያታል።

ለመጨረሻው ማጠቢያ አሁንም የምንጠቀመው ክሊሞች፣ የየቤቱ አየር ማቀዝቀዣዎች፣ ከግድግዳ ወደ ውጭ የሚያንጠባጥቡትን ውሃ ነው። የቧንቧው ጨዋማ ነው፤ ሲደርቅ ነጠብጣብ ይተዋል። ፈትያ ጠዋት ጠዋት የሰፈራችንን የካርቲየ 2ን ግድግዳ ሁሉ እየዞረች ጀሪካን ታስቀምጣለች፣ የሞላውን ታነሳለች። የምናደርቀው ጥላ ውስጥ ነው። ፀሐይ ካገኘው ቀለሙ ይሰነጣጠቃል።

ደንበኞችሽ የትኛውን እንደሚመርጡ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ነጅሙዲን


ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 18

ነጅሚ፣ ወዓለይኩም ሰላም።

ስለ ልጅቷ ጠየቅሁህ፣ ስለ ማጠፊያ መለስክልኝ። ትበላለች ወይ፣ ትተኛለች ወይ፣ ታለቅሳለች ወይ ነበር ያልኩህ። ይሁን። አንተ ልጅ ሆነህም እንዲሁ ነበርክ፤ እግርህ ተሰብሮ ስለ ብስክሌቱ ነበር የምታወራው።

ሦስቱን ማጠፊያዎች ባንኮኒው ላይ ደርድሬ የገባውን ሁሉ አስመረጥኩ። አናጢው ቢጫውን አነሳ። ብረት በር ሠሪው ቢጫውን አነሳ። ምስማር ሊገዙ የገቡ አንድ ሽማግሌ ቢጫውን አንስተው በጥርሳቸው ነከሱት።

«አባ፣ ወርቅ አይደለም እኮ» አልኳቸው።

«ካልሆነ ለምን ወርቅ አስመሰላችሁት?» አሉኝ፤ ተቆጡ ደግሞ።

ትልቁን ነገር አሁን ልንገርህ። አበባው የሚባል ኮንትራክተር አለ፤ አዲሱ ባቡር ጣቢያ መንገድ ላይ የእንግዳ ማረፊያ እየሠራ ነው። ለበሩም ለመስኮቱም ማጠፊያና መቀርቀሪያ ከእኔ ሊወስድ ተስማምቷል። ሁሉም ቢጫ። ጥር ላይ በሮቹን ይገጥማል።

«ሰማያዊው የቻይና ይመስላል» አለኝ። «እንግዳ በሩን ሲከፍት ወርቅ ይይ።»

«ቢጫው ለጨው ነው የተሠራው፣ ድሬዳዋ ምን ጨው አለ? ሰማያዊው ዕድሜ ልክህን ይበቃሃል» አልኩት።

«አቦ ተይኝ! ዕቃ ልገዛ መጣሁ እንጂ ልማር አልመጣሁም!»

አልተከራከርኩም። ጎረቤቴ በኮንቴይነር እያስገባ በግማሽ ዋጋ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ የሱቄ መደርደሪያ ምን እንደሚመስል ሱፊያን ይንገርህ። ይህ ትዕዛዝ ከተሳካ ሱቁ ይቆማል። ካልተሳካ ቁልፉን ለባለቤቱ አስረክቤ ቤት እቀመጣለሁ። ቤት ተቀምጬ ምን እሰማለሁ?

ደግሞ የእኔዋ ልጅ ማይሙና ኅዳር አጋማሽ ላይ ትዳራለች። አንተ እንደማትመጣ አውቃለሁ። ፈትያን ላክልኝ።

አንድ ነገር ግን ግልጽ አድርግልኝ። ሱፊያን ልጅቷን እስከ አንጓዋ ድረስ ሂና ተቀብታ አየኋት አለኝ። ማን ነው ሰውየው? ለአክስቷ ሳይነገር? የእናቷ አፈር ገና ሳይደርቅ ሰው ምን እንደሚል አስበሃል? ደስ የሚል ነገር ከሆነ ደግሞ ለምን ደበቅከኝ?

ጀዋሪያ


ጅቡቲ፣ ኖቬምበር 9

እህቴ ጀዋሪያ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ሳጥኑ ዘግይቷል፤ መብራት ሲሄድ ገንዳው ይቆማል፣ ሲመጣ ደግሞ ከመጀመሪያው ነው። ይቅር በይኝ።

ሰውዬ የለም። ሂናው ለሥራ ነው።

ኢክላስ የጀመረችው ነው። እዚህ ጀልባ የሚጎትቱት ሰዎች ጨውና ገመድ እንዳይበላቸው መዳፋቸውንና ተረከዛቸውን ሂና ይቀባሉ። ቆዳው እንደ ጫማ ይጠነክራል። ኢክላስ ይህን አይታ «ለጨው ከሆነ ለአሲድም ይሆናል» አለች። ሐሙስ ማታ ትቀባ ነበር። አርብ ሥራ የለም፤ ቅዳሜ ቀለሙ ይዞ ይጠብቃታል። ፈትያም እንደዚያው ታደርጋለች።

ጓንት አለ። ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ማጠፊያው በቀጭን ሽቦ ነው የሚንጠለጠለው፤ በጓንት ሽቦው አይያዝም። በዚህ ሙቀት ደግሞ ገና ሳትጀምሪ ውስጡ ላብ ይሞላል። ሂና አይንሸራተትም። ቢጫውም ሂናው ሥር አይታይም። ኢክላስ ቢጫ እጅ ይዛ ገበያ መሄድ አትወድም ነበር።

ቢጫው ለጨው ነው ላልሽው፣ ፈትኜዋለሁ። ሄሮን ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር፣ ሁንዴ የሚባል የአገራችን ሰው የሚጠብቀው አሮጌ ቪላ አለ። ሦስቱን ዓይነት በገመድ አጥሩ ላይ ሰቀልኩ።

«ምንድን ነው ይሄ? ክታብ ነው?» አለኝ።

«ማጠፊያ ነው።»

«የማን በር?»

«የማንም።»

«ሰውየው፣ ብቻህን ስትቀመጥ ትከፋለህ» አለኝ። ሻይ አጠጣኝ።

በቀጣዩ ሳምንት ስሄድ ሰማያዊው ነጭ አውጥቶ ነበር። ጥቁሩ ጠርዙ ላይ ጀምሮታል። ቢጫው እንደሰቀልኩት ነው። ድሬዳዋ ጨው እንደሌለ አውቃለሁ። ኮንትራክተርሽ ግን የሚከፍለው ለቢጫ ነው፤ ቢጫ ይሁንለት። ያለኝ ዱቄት ለዚህ ሁሉ አይበቃም፤ የመናዊውም ጨርሷል። ከዱባይ አዝዣለሁ።

ፈትያ ለሰርጉ ትመጣለች። ለማይሙና ከዚህ የምትይዘው ሽቶና ሻሽ አለ፤ እናቷ በሕይወት እያለች ያስቀመጠችው ነው።

ትበላለች። ትተኛለች። ታለቅሳለች ወይ ላልሽኝ፣ አላየሁም።

ሰርጉ እንዳለቀ መልሺልኝ። ያለ እሷ ቢጫው አይወጣም።

ነጅሙዲን


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 22

ነጅሚ፣

ሰርጉ አልፏል። ማይሙና ባሏ ቤት ገብታለች፣ አልሐምዱሊላህ። የሰርጉን ወሬ ሱፊያን ያውራልህ፤ ከድስቱ አጠገብ ሳይነሳ ነው የዋለው።

እኔ የሂናውን ቀን ልንገርህ።

ሴቶቹ ሁሉ ግቢ ውስጥ ነበሩ። ሂና የምትቀባው ሐዲጃ ናት፤ ታውቃታለህ፣ ሰው ሳትሰድብ እጇ አይሠራም። የፈትያን እጅ ያዘችና «ይሄ ምን ዓይነት ሂና ነው? ግድግዳ ነው እንዴ የቀባሽው?» አለቻት። ሁሉም ሳቀ። ፈትያም ሳቀች። «በዚህ እጅ ሙሽራ አጠገብ አትቀመጪም። ይሄን አስለቅቄ አዲስ አደርግልሻለሁ» ብላ ሎሚ ቆርጣ ማሸት ጀመረች። ተረቡ ትንሽ ቀጠለ። ከዚያ ሐዲጃ ዝም አለች። ሐዲጃ ዝም ስትል እኔ እንኳ ሰማሁ።

ሄጄ አየሁ። የጣቶቿ መገጣጠሚያ ላይ ጉድጓድ አለ፣ ነጅሚ። ክብ ነው፤ በመሰርሰሪያ የተበሳ ይመስላል፣ ዙሪያው ከፍ ብሏል። አንዱ ጥፍሯ ሥር ነው። ሐዲጃ ሎሚውን ስታሽ የነበረው እዚያ ውስጥ ነው።

«አያምሽም እንዴ?» አለቻት።

«አያምም።»

«አንቺ ልጅ፣ ሎሚ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። አያምም። እማዬንም አያማትም ነበር።»

ሐዲጃ ጨርቅ አምጥታ እጇን ጠቀለለችው። ሂናው ቀረ። ልጅቷ ሙሽራዋ አጠገብ በሻሽ ሸፍና ተቀመጠች፣ ዘፈኑንም አጨበጨበች።

ሰኞ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ልጅ ነው፤ የምትሠራውን ጠየቃት፣ ነገረችው። አፍንጫዋን በመብራት አየ። ውስጡ ቆስሏል። እሱንም አላወቀችውም። ቢጫውን ዳግም እንዳትነካ፣ ካልነካችው ጉድጓዱ ራሱ እንደሚሞላ ነገረን። ከቀጠለች የሚሆነውን ሲናገር ወደ እኔ አልዞረም፤ ስለዚህ አልሰማሁትም። ወጥተን ጠየቅኋት። «ምንም አላለም» አለችኝ።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ኢክላስን ያጠቧት ሴቶች ምን ነገሩህ? ሬሳ ሲታጠብ እጅ ጣት በጣት ነው የሚታጠበው።

ልጅቷን አልመልስልህም። ለአበባውም «ሰማያዊ ይሁን» አልኩት። «የተነጋገርነው ቢጫ ነው፣ ቢጫ ካልሆነ ደህና ዋይ» ብሎኝ ሄደ። ተመልሶ ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ። ቢጫውን ከፈለግህ በራስህ እጅ ንከረው።

ጀዋሪያ


ጅቡቲ፣ ዲሴምበር 8

እህቴ ጀዋሪያ፣

ሐኪም ዘንድ ስለወሰድሻት አላህ ይስጥልኝ።

ኢክላስን ያጠቧት ከካርቲየ 4 የመጡ ዘመዶቿና ጎረቤቶቻችን ናቸው። ምንም አልነገሩኝም። አልጠየቅኋቸውም።

በራስህ እጅ ያልሽውን አደረግሁ። ጓንቱን ከግድግዳው አውርጄ፣ የቀረውን ዱቄት ሁሉ በጥብጬ፣ የአበባውን ማጠፊያዎች ጀመርኩ። ሽቦው አመለጠኝ፤ ከባልዲው ሥር በመቆንጠጫ አወጣሁት። የመጀመሪያዎቹ ገረጡ። ሁለተኛዎቹን አቆየኋቸው፤ ቡናማ ሆነው ወጡ፣ ስነካቸው ጓንቱ ላይ ቀሩ። ኢማድ፣ ይሄ አጠገባችን በር የሚበይደው፣ በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ አየና «ዋርያ ነጅሙዲን፣ ዝገትም በትዕዛዝ መሥራት ጀመርክ?» አለኝ።

ሁሉንም በአሲድ አስለቅቄ እንደገና ዚንክ አለበስኳቸው። የተበጠበጠው ስለተበላሸ ደፍቼዋለሁ፤ ባልዲው ባዶ ነው። ዱቄቱ ከዱባይ ተጭኗል፣ በወሩ መጨረሻ ይገባል ብለውኛል።

ክሊም ሥር ጀሪካን የሚያስቀምጥ የለም። አንዳንዱን እኔ አነሳለሁ። ሴቶቹ «ፈትያስ?» ይሉኛል። «ሰርግ ሄዳለች» እላለሁ።

አንድ ነገር ጠይቂልኝ። የምታወጣበትን ጊዜ በምን ነው የምታውቀው? እንድትመጣ አላልኩም። ይህን ብቻ ጠይቂልኝ።

ነጅሙዲን


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 12

ነጅሚ፣

ጠየቅኋት። ባልጠይቃት ይሻል ነበር።

ወጥ ቤት ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ደብዳቤህን አነበብኩላት። ቢላውን አስቀመጠች። «ንገሪው፣ ሲገባ መጀመሪያ ይደበዝዛል። ከዚያ ያበራል። ከዚያ ውሃ ላይ ቤንዚን ሲፈስ የሚሆነውን ይሆናል። ቀዩ ሲመጣ ይውጣ፤ አረንጓዴው ከበዛ አልፏል» አለችኝ። እስክጽፈው ጠበቀችኝ። ከዚያ «ተይው አክስቴ። አባዬ ቀዩን አይለየውም። እኔ ልሂድ» አለች።

«የትም አትሄጂም።»

«ብቻውን ነው እኮ።»

«ትልቅ ሰው ነው። ይልመደው።»

«የሰውየው በሮችስ? ሳይገጠሙ ሊቀሩ ነው?»

«ይቅሩ! በሩን በገመድ ይሰረው!»

ሳቀች። ቀጥላ «ሱቅሽስ?» አለችኝ።

እኔ ዝም አልኩ። የምለው ጠፍቶኝ አይደለም፤ «ሱቁ ገደል ይግባ» ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ላይ ነበር። ዝም ማለቴን ግን ቁጭ ብላ አየችው። በማግሥቱ ባቡር ጣቢያ ሄዳ ቲኬት ቆርጣ መጣች። ያስቆረጣት የእኔ ዝምታ ነው። አንተም ጥያቄህን ስትጽፍ እንድትመጣ አላልኩም አልክ። አላልክም። ሁለታችንም አላልንም።

አበባው ተመልሶ መጥቶ ነበር። ሌላ ቦታ ያገኘው ቢጫ ማጠፊያ ስስ ስለሆነበት ነው። «እስከ ጥር እጠብቃለሁ፤ የወንድምህን ዕቃ በቢጫ አምጣልኝ» አለ። እኔን አንተ እያለ ነው የሚያወራው፣ ሲቸኩል። እሺም እንቢም አላልኩትም።

ስለ እጇ ልንገርህ። ጉድጓዶቹ መሙላት ጀምረዋል፤ ጠርዛቸው ወርዷል። ትናንት ጎመን ስትከትፍ የጨው ዕቃ ውስጥ እጇን ሰዳ «ወይኔ!» ብላ ዘለለች። ምን ሆንሽ ብል «አመመኝ» አለች። ጣቷን ይዛ እንደ ሞኝ ስታየው ቆየች። ሐኪሙ ይሄ ጥሩ ነው ብሏል። ተመልሳ ከነካችው ግን ቆዳዋ ሁለተኛ እንዲህ አይሞላም ብሏል። ይህን ፊቴ ላይ እንዲናገረው አድርጌያለሁ፤ ሰምቻለሁ።

በሐሙስ ባቡር ትመጣለች። ማሰር አልችልም፤ ሃያ ዓመቷ ነው። አንተ ጋ ስትደርስ ባልዲው ባዶ ከሆነ ባዶ ነው። ዱቄቱን አምጥተህ ከጠበቅሃት ግን ትነክራለች። ተይ ብትላትም ትነክራለች፤ የእናቷ ልጅ ናት።

እኔ ምን እንደምፈልግ አትጠይቀኝ። ብትጠይቀኝ መልሱን በወረቀት አልጽፍልህም።

ጀዋሪያ


ጅቡቲ፣ ዲሴምበር 27

እህቴ ጀዋሪያ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የምጽፍልሽ ወደቡ አጠገብ ካለው የዕቃ አስተላላፊ አዳራሽ ነው። ዱቄቱ ገብቷል። ወረቀቴን አስገብቼ ስሜ እስኪጠራ ተቀምጫለሁ። ሱፊያን መኪናውን ውጭ ጥላ ፈልጎ አቁሟል። ቆርቆሮዎቹን ጭነን ቤት እናወርዳለን፤ ከዚያ ናጋድ ጣቢያ ሄደን ፈትያን እንቀበላለን። ሱፊያን ማታውን ወደ እናንተ ይመለሳል።

እኔን ካልሽ፣ ደህና ነኝ። እበላለሁ። እተኛለሁ። አየሩ ቀዝቅዟል፤ ክሊሞቹ ስለጠፉ ጀሪካኖቹ አይሞሉም።

ከካርቲየ 4 የኢክላስን ዘመድ ጠይቄያታለሁ። የአጎቷ ልጅ የሆነችውን። ገበያ ውስጥ ዓሣ ስትመርጥ አገኘኋት። «እጇን ያጠብሽው አንቺ ነሽ?» አልኳት። «እኔ ነኝ» አለች። «ምን ነበረው?» አልኳት። «ሂና ነበረው። ሂናው ላይ ውሃ አፈሰስን። አላሸነውም» አለች። ዓሣውን አስመዘነች። እኔም ቆሜ ጠበቅኋት፣ ከዚያ ተለያየን።

ፈትያ ስለ ቀዩ የነገረችሽን ሞክሬዋለሁ ማለት አልችልም፤ የምሞክርበት የለኝም። ሰማያዊው ግን አለኝ። የአበባውን ማጠፊያዎች ሁሉ ዚንክ አልብሼ ጨርሻለሁ፤ ከግድግዳው ሥር በሽቦ ተንጠልጥለው ቀለም ይጠብቃሉ። ሰማያዊውን እኔ ራሴ መንከር እችላለሁ። እሱ ዓይን አይጠይቅም።

አጠገቤ ዘሩ የሚባል ሰው ተቀምጧል። የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ማራገቢያ አስመጥቶ ነው የሚጠብቀው። በብርድ ማራገቢያ የሚያስመጣ ሰው ብለሽ አትሳቂ፤ ርካሽ የሚሆነው አሁን ነው አለኝ። ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም።

«አንተ ምን አስመጣህ?»

«ቀለም።»

«የቤት?»

«የብረት። ወርቅ የሚያስመስል።»

«እንደዚያ ያለ ነገር ካለማ ትንሽ ቆንጥርልኝ! ሚስቴ ዓመቱን ሙሉ የእጅ ወርቅ እያለች ጨቅጭቃኛለች። ሌሊት ተኝታ እጇን እቀባላታለሁ።»

«እጅ ላይ አይሆንም» አልኩት።

«ለምን? ያማል?»

«አያምም።»

«ታዲያ!» አለ። መሳቁን ቀጠለ። እኔ ወደ ወረቀቱ ተመለስኩ።

መስኮቱ ላይ ያለው ጸሐፊ አሁን ስሜን ጠራ። በፈረንሳይኛ ስለሚጠራው ሌላ ሰው ይመስላል። እየጻፍኩ ነው።

ለአበባው ሰማያዊ መሆኑን ንገሪው። ከባድ ብረት ነው፣ ስስ አይደለም፤ ድሬዳዋ ላይ አይዝግም፤ ይህን ጨምረሽ ንገሪው። አልፈልግም ካለ አልፈልግም ይበል። ያኔ ሱቁ እንደሚዘጋ ገብቶኛል። ስለሱ የምጽፍልሽ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። ወቀሳ ካለሽ ለሱፊያን ስጪው፣ ይዞልኝ ይምጣ።

ሁለተኛ ጠራኝ። ወረቀቴን በእጁ ከፍ አድርጎ አዳራሹን እየቃኘ ነው። ዘሩ በክርኑ ነካኝ።

«ዋርያ፣ አንተን አይደለም እንዴ? ተነሳ! ተራህ ያልፍሃል፣ ነገ ደግሞ አይሠሩም።»

«አንተ ግባ» አልኩት።

«የእኔ ገና ነው። የአንተ ነው የተጠራው፣ ሰውየው!»

የጻፍኩትን እንዲያይ ወረቀቱን አዞርኩለት፤ አማርኛ አያነብም። ባቡሩ ቀድሞ ከገባ ልጅቷ ብቻዋን ከነሻንጣዋ ትቆማለች። ይህን ለሱፊያን እሰጠዋለሁ። ጸሐፊው ሦስተኛ እየጠራኝ ነው፤ እኔ የመውጫው በር ጋ ደርሻለሁ፣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ነው የምጽፈው። ወጣሁ።